በውሃው ጫፍ የተቀመጠ ድንጋይ

አንድ ሰው ወንዝ ዳር ተቀምጦ እጁ ይንቀጠቀጣል።

ወገኖቼ፣ ብርድ እንዳይመስላችሁ። አገሩ ራያ ቆላ ነው፤ ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። በዚያ ሰዓት እዚያ አገር የሚንቀጠቀጥ ሰው ወባ የያዘው ብቻ ነው፤ ይህን ሰው ደግሞ ወባ አልያዘውም። ረሃብም አይደለም፤ ምሳውን ደህና አድርጎ በልቷል። በሁለት ጣቶቹ መሃል አንዲት ሲጋራ ይዟል። አልለኮሳትም። አልጣላትምም። ዝም ብሎ ያያታል።

ስሙን አልነግራችሁም። ብነግራችሁ «እሱ እንጂ እኔ አይደለሁም» ብላችሁ ተደላድላችሁ ትቀመጣላችሁ። ሥራውን ግን ልንገራችሁ፤ የአይሱዙ ሹፌር ነው። ማጨስ የጀመረው በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር፣ እንቅልፍ ያባርርልኛል ብሎ። እውነትም አባረረለት። እንቅልፉ ከሄደ በኋላ ግን ሲጋራው አልሄድ አለ። እንግዳ ሆኖ ገብቶ ባለቤት ሆኖ ቁጭ አለ።

ይህ ሰው አንዲት ልጅ አለችው፤ ምንታምር ትባላለች፤ አምስት ዓመቷ ነው። የአባቷን መኪና ክላክስ ከሩቅ ለይታ የምታውቅ ልጅ ናት። ነገር ግን ደረቷ ደካማ ነው፤ አስም አለባት። ሲያፍናት ትከሻዋ ወደ ላይ ይነሳል፣ ጎኗ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ዓይኗ ይፈጣል። የወለዳችሁ ታውቁታላችሁ፤ እንዲህ ያለውን ማየት ራስን ከመታፈን ይብሳል።

አንድ ቀን ሐኪም ቤት ይዘዋት ሄዱ። ሐኪሙ «ቤት ውስጥ የሚያጨስ አለ?» ብሎ ጠየቀ።

አባት ቶሎ ብሎ «አጨሳለሁ፤ ቤት ውስጥ ግን አላጨስም ዶክተር። ሁልጊዜ ውጭ ነው» አለ።

ሐኪሙ ሸሚዙን አየት አደረገና «ልብስህስ ውጭ ያድራል?» አለው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ በዚያ ቤት አዲስ ሥርዓት ወጣ። ክላክሱ ሲሰማ ምንታምር ትሮጣለች። እናቷ የሺ ደግሞ ከኋላ ደርሳ የእጇን አንጓ ትይዛለች። «ቆይ! አባትሽ ይታጠብ!» ትላለች። እሱ ጓሮ ገብቶ እስኪታጠብ፣ ልብሱን እስኪቀይር፣ ልጅቷ አንድ እጇ በእናቷ መዳፍ ተይዞ፣ ሌላው እጇ ወደ አባቷ ተዘርግቶ ትቆማለች። አምስት ቀን መንገድ ላይ ከርሞ የመጣ አባት ከልጁ ሦስት እርምጃ ርቆ ይቆማል። ይህ ነገር ውስጡን በላው። ልጄን እንደ ሰው ሮጣ ታቅፈኝ ብሎ ማጨሱን ለመተው ቆረጠ።

የመጀመሪያ ሙከራውን ስሙኝ። ሁዳዴ ሲገባ ከሥጋው ከወተቱ ጋር ሲጋራውንም ጾመ። ሃምሳ አምስት ቀን! ጎረቤት ጉድ አለ። የሺም ደስ ብሏት የልጅቷን እጅ መያዝ ተወች። የፋሲካ ዕለትስ? ዶሮው ቀረበ፣ ሰው ሁሉ ገደፈ፣ እሱም «እንግዲህ ጾሙ ተፈታ አይደል?» አለና ለኮሰ።

አትሳቁ! ከመካከላችሁ ጫቱን፣ አረቄውን፣ ሐሜቱን ለሁዳዴ አደራ አስቀምጦ የፋሲካ ማለዳ አደራውን የሚረከብ የለም? አለ። እኔ የማውቀው እንኳ አለ። ጾም የገባበት ቀን ተቆጥሮ ይፈታል፤ የሚገድላችሁ ነገር ግን ቀን ተቆጥሮ የሚፈታ አይደለም።

«አንዷ ለበዓል ነው» ያለው ሰው በሦስተኛው ቀን ሙሉ ፓኮ ይዞ ተገኘ። የሺ አልጮኸችም፣ አልተሳደበችም። የምንታምርን እጅ እንደገና ያዘች፤ ያ ብቻ። ብትሰድበው ይሻለው ነበር።

ሁለተኛው ጊዜ ሐምሌ አምስት ቀን ነው። የሐዋርያት ጾም ተፈትቶ ሰው ሁሉ ሲገድፍ፣ ይህ ሰው የቀረችውን ፓኮ ባልዲ ውስጥ ነክሮ ጣላት። ካለፈው ትምህርት ወስዷል ማለት ነው፤ ይሄኛው የሚፈታበት ቀን የለውም። ነገር ግን ለማንም አልተናገረም። ለሚስቱም፣ ለነፍስ አባቱም፣ ለጓደኞቹም አልነገረም። ለምን? ብወድቅ ማን ያውቅብኛል ብሎ። አያችሁልኝ ይህን ብልጠት? ሳይነሳ የሚወድቅበትን ያመቻቻል! ከመንገድ ሲመለስም እንደ ወትሮው ቀጥታ ጓሮ ገብቶ ይታጠባል፤ የሺም እንደ ወትሮው እጅ ትይዛለች።

ቢሆንም በርትቷል፤ አልዋሽበትም። ኪሱ ውስጥ ቅርንፉድ ይይዛል፤ አራራው ሲመጣ አንዷን ጥርሱ ሥር ያደርጋል። ውሃ ይጎነጫል። ያፏጫል። ሃያ ሁለት ቀን እንዲህ ሆኖ አለፈ።

በሃያ ሁለተኛው ቀን ባዶ መኪናውን እየነዳ ወደ ቤቱ ሲመለስ አንድ መሻገሪያ ላይ ደረሰ። ይህ ወንዝ ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ነው፤ ፍየል ይተኛበታል። ሐምሌና ነሐሴ ግን ደጋው ላይ ሲዘንብ፣ ቆላው ላይ ጠብታ ሳይወርድ፣ ፀሐይ እንደ በጋ እያቃጠለች፣ ድንገት ደራሽ ውሃ ይወርዳል። ግንድ ይዞ፣ ድንጋይ እያንከባለለ፣ እያጓራ። የዚያን ቀን ሰውየው ሲደርስ ደራሹ ወርዷል። ቤቱ ማዶ ነው፤ ከመሻገሪያው የሃያ ደቂቃ መንገድ ቢሆን ነው። ሦስት መኪኖች ቀድመውት ቆመዋል።

አሁን ልብ በሉ። እዚያ ቦታ ላይ ደራሽ በያዘው ቁጥር የሚያደርገው አንድ ነገር ነበር፤ ያጨሳል። እግሩ ፍሬን ሲረግጥ እጁ ኪሱ ይገባል። እግርና እጁ ለአሥራ ሁለት ዓመት አብረው ተለማምደዋል። ሞተሩን ሲያጠፋ አራራው ያለወትሮው ከየት መጣ ሳይባል መጣበት። አፉ ደረቀ፣ ላብ ላብ አለው፣ ሰውነቱ ተነጫነጨ።

ሰይጣን ደግሞ መልክተኛ አያጣም። ካሳው የሚባል ወጣት ሹፌር፣ ሽንኩርት ጭኖ ቆሟል፤ ክፉ ልጅ አይደለም፤ ደግ ነው። ፓኮውን ዘረጋለት። «ያዝ እንጂ ወንድሜ፤ ውሃው እስኪጎድል ምን ልንሠራ ነው?» አለው።

ምን ይበል? ትቻለሁ ብሎ ለማን ተናግሮ ያውቃል? እጁ ራሱ ሄዶ ተቀበለ። ወደ ወንዙ ዳር ወረደና ተቀመጠ። ቅድም ያየነው ሰው እንግዲህ ይህ ነው። በጆሮው አንድ ነገር ብቻ ይሰማዋል፤ «አንዷ ምን ታደርጋለች? ሃያ ሁለት ቀን ችለህ የለም? ማንም አያውቅ። ቤት ስትደርስ መታጠብህ አይቀር።» እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ የሚባለው ይህ ነው።

አጠገቡ አንድ ሽማግሌ ቆመዋል፤ አያ እንድሪስ ይባላሉ። ማሳቸው ወንዙ ዳር ነው፤ ስልሳ ዓመት ሙሉ ይህን ውሃ ሲያዩ የኖሩ ሰው ናቸው። ውሃው አሸዋውን በሚነካበት ጫፍ ላይ ቡጢ የምታህል ነጭ ድንጋይ አስቀምጠው እሷን ያያሉ። ዞር ሲሉ ሰውየውን አዩት፤ ሲጋራ ይዞ የሚንቀጠቀጥ ሰው። አዘኑለት። ኪሳቸውን ዳበሱና ክብሪት አወጡ።

«እንካ ልጄ፤ እሳት አጥተህ ነው?»

ወይ ፈተና! ሲጋራውን አንዱ ደግ ሰጠው፣ እሳቱን ሌላው ደግ አመጣለት። ማን ይቆጣል? ክብሪቱ ከዓይኑ ፊት ቀረበ። እጁ ሊነሳ ነው። ያኔ ለሃያ ሁለት ቀን አፍኖ የያዘው ቃል ከአፉ አመለጠ።

«አያ፣ ትቼዋለሁ እኮ!»

አያ እንድሪስ ሲጋራዋን አዩ፣ እሱን አዩ። «ተውኩት ያልከው ይኸው ከእጅህ ላይ አለ አይደል?»

«አሁን መጣብኝ። ሊገድለኝ ነው። ልጄን አስም ይዟት…» አለና ሁሉን ነገራቸው። የምንታምርን አንጓ፣ የፋሲካውን፣ የባልዲውን። የሚያውቁት ዘመዱ ቢሆኑ አይነግራቸውም ነበር።

ሽማግሌው ክብሪታቸውን ወደ ኪሳቸው መለሱ። «ይህቺን ድንጋይ ታያታለህ?» አሉት። «ደራሽ ሲመጣ ዓይን ይዋሻል። እየጨመረ ሳለ የጎደለ ይመስልሃል፤ እየጎደለ ሳለ ደግሞ አገር ሊያጠፋ የመጣ ይመስልሃል። ድንጋይ ግን አይዋሽም። በጫፉ ታስቀምጣለህ፤ ከዋጣት ይጨምራል፣ ከለቀቃት ይጎድላል። ወላሂ እልሃለሁ፣ በስልሳ ዓመት ሳይጎድል ያደረ ደራሽ አላየሁም። ውሃው የራሱ አገር አለው፤ ወደዚያው ይሄዳል። የቆመ ሰው ሁሉ ሲሻገር አይቻለሁ። ካልቆመው ግን ያልተሻገረ ብዙ አለ።»

«እስኪጎድልስ?»

«እስኪጎድልማ ድንጋይ ትጠብቃለህ። ተነስ፤ እኔ ወገቤን አሞኛል፤ አንተ ጠብቅልኝ።»

ሰውየው ሲጋራዋን ሸሚዝ ኪሱ ውስጥ ከተተና ተነሳ። ድንጋዩ አጠገብ ቆመ። ውሃው ጨመረ፤ ድንጋዩን ነካ፣ ከበበ፣ ዋጠ። ጎንበስ ብሎ አወጣና አንድ እርምጃ ወደ ላይ አስቀመጠ። አራራውም አብሮ ጨመረ፤ ራሱን ወጠረው። ቅርንፉድ ነከሰ። ውሃው ድንጋዩን እንደገና ዋጠ፣ እሱ እንደገና ከፍ አደረገ። በሦስተኛው ላይ ውሃው ድንጋዩ ሥር ደርሶ ቆመ። ቆሞ ቆሞ፣ አንድ ጣት የሚያህል እርጥብ አሸዋ ትቶ ወደ ኋላ አለ።

«አያ! ጎደለ!» ብሎ ጮኸ። ሲጮህ ነው ልብ ያለው፤ እጁ አይንቀጠቀጥም። መቼ እንደተወው አያውቅም። ውሃው ገና ደረት ያክላል፤ አራራው ግን ከውሃው ቀድሞ ሄዷል!

እዚህ ላይ ታሪኩን እንድጨርስና አሜን ልትሉልኝ ትፈልጋላችሁ። አላለቀም።

ውሃው ጉልበት ሲያክል ካሳው ሞተሩን አስነሳ። አያ እንድሪስ እጃቸውን አወዛወዙ። «ቆይ ልጄ! ወደ ላይ ሌላ ሸለቆ አለ፤ የሱ ውሃ ገና አልወረደም! ሁልጊዜ ሁለተኛ አለው!»

«አባባ፣ ሽንኩርቱ ሊበሰብስብኝ ነው እኮ! ይኸው ጎድሏል!» አለና ገባ።

ሰውየው ይህን ቆሞ ያያል። ልቡ በደስታ ሞልቷል፤ ማሸነፉን አውቋል። በዚያው ደስታ መካከል ምን ሰማ መሰላችሁ? «ጎበዝ! ቻልከው! እንግዲህ አሁን አንዷን ብታጨስ ያምርብሃል።» እጁ ወደ ሸሚዝ ኪሱ ሄደ። ሲጋራዋን ነካት። የፋሲካው ድምፅ ነው! ያው ድምፅ፣ ያው ቃል። በመከራ ጊዜ መጣል ሲያቅተው በደስታ መጣበት።

በዚያች ቅጽበት ከላይ በኩል እንደ ነጎድጓድ አጓራ። ሁለተኛው ደራሽ መጣ። የካሳው አይሱዙ መሃል ወንዝ ላይ ነው። ውሃው ጎማውን ዋጠ፣ በሩን መታ፣ ሞተሩ ጠፋ። ካሳው በመስኮት ወጥቶ ጭነቱ ላይ ተንጠላጠለ። ሽንኩርቱ ከነኬሻው እየተገነጠለ ወረደ።

ሰውየው ሲጋራም አራራም ረሳ። ሮጦ ከመኪናው ገመድ አወጣ፣ ወረወረ፣ አልደረሰም። እንደገና ወረወረ። በሦስተኛው ካሳው ያዘ፣ ወገቡ ላይ አሰረ፣ ዘለለ። ሹፌሮቹ ሁሉ፣ ሽማግሌው ሳይቀሩ፣ ገመዱን ጎተቱ። ጭቃ በጭቃ ሆኖ ዳር ወጣ። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባላል፤ ካሳውን መከራ መከረው፣ ደግነቱ ገና በሕይወት ሳለ።

ልጁ ተቀምጦ እየተንዘፈዘፈ ኪሱን ዳበሰ። ፓኮው ውሃ ሆኗል። «በናታችሁ፣ አንድ ሲጋራ ያለው የለም?» አለ።

ሰውየው ከኪሱ አወጣና ሰጠው። «እንካ፤ ያንተው ናት» አለው።

ለምን ሰጠው አትበሉኝ፤ እኔም ጠይቄዋለሁ። «ስብከት ያንተ ሥራ ነው፤ የሰው ሲጋራ ይዤ ቤቴ አልገባም» አለኝ።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ውሃው ድንጋዩን ለቀቀ፤ አሁንስ ለመጨረሻ ነው። በማግስቱ ማለዳ ካሳው በአሸዋው ላይ ጎንበስ ብሎ የቀረውን ሽንኩርት ሲለቅም ታየ። የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ ሲባል የሰማችሁት ይህን ነው። ሰውየው ግን በዚያው ምሽት ድንጋዩን አንስቶ ዳሽቦርዱ ላይ አስቀመጠና ተሻገረ።

ክላክሱን ሲነፋ ምንታምር ሮጠች። የሺ ደርሳ አንጓዋን ያዘች። «ቆይ! አባትሽ ይታጠብ!»

እሱ ወደ ጓሮ አልሄደም። ጭቃ እንደለበሰ ከፊታቸው ቆመ። «የሺዬ» አላት፣ «ሃያ ሁለት ቀኔ ነው። አልነገርኩሽም። ዛሬ ልወድቅ ነበር፤ አልወደቅኩም። ነገም ልወድቅ እችል ይሆናል፤ ለዚህ ነው የምነግርሽ።»

የሺ እንዴት ትመነው? በፋሲካው ተሞኝታለች። የልጅቷን እጅ ሳትለቅ ቀረበችና የሸሚዙን ኮሌታ አሸተተች። ጭቃ ይሸታል፤ ላብ ይሸታል፤ ቅርንፉድ ይሸታል። እንደገና አሸተተች። ከዚያ ጣቶቿን አንድ በአንድ ከልጅቷ አንጓ ላይ አነሳች።

ምንታምር በጭቃው ላይ ዘለለችበት።

ወገኖቼ፣ አሁን ወደ እናንተ ልመለስ። በዚህ ጉባኤ መካከል ሲጋራ ለመተው የጀመራችሁ አላችሁ። ቅጥሩ ውጭ የመጨረሻዋን ረግጣችሁ የገባችሁም አላችሁ፤ ሽታችሁ ነግሮኛል፤ አላባርራችሁም፤ ደግ አደረጋችሁ መጣችሁ። አራራው ሲመጣባችሁ ምን ትላላችሁ? «ይህ ነገር ዕድሜ ልኬን እንዲህ ሊያደርገኝ ነው» ትላላችሁ። ማን አላችሁ? የትኛው ደራሽ ነው አድሮ የሚያውቅ? ሐኪሞቹን ጠይቁ፤ አንድ አራራ ብዙውን ጊዜ ለደቂቃዎች ነው የሚበረታው። ደቂቃዎች! ለታክሲ ስንት ደቂቃ ትሰለፋላችሁ?

ሰዓታችሁን እዩ፤ ያ ድንጋያችሁ ነው። ውሃ ጠጡ፣ ተነሱ፣ ተራመዱ፣ አባታችን ሆይን ድገሙ፣ እንጨት ፍለጡ። አሥር ደቂቃ ካለፈ በኋላ ተመልሳችሁ ጫፉን እዩ። ካልጎደለ ድንጋዩን ከፍ አድርጉና እንደገና ቁሙ። ከውሃው ጋር ታገሉ አላልኳችሁም። አትግቡ ነው ያልኳችሁ። መድኃኒት የሚሰጥ ሐኪም ካለም ሂዱ፤ የተወረወረላችሁን ገመድ ብትይዙ እምነት ጎደላችሁ የሚላችሁ ማነው?

ሁለተኛውን ደራሽ ደግሞ አትርሱ። እናንተን የሚጥላችሁ ኀዘን ብቻ አይደለም፤ ሠርግ ነው፣ ፋሲካ ነው፣ «ችያለሁ» የምትሉበት ቀን ነው። ያን ቀን ድንጋያችሁን ሁለት ጊዜ እዩ።

ለአንድ ሰው ደግሞ ተናገሩ። ዛሬ። ይህ ሰው ለሃያ ሁለት ቀን ብቻውን ቆመ፤ ያዳነው ግን አፉን የከፈተባት አንዲት ደቂቃ ናት። ወድቃችሁ ከሆነም ንገሩ፤ ከወደቃችሁበት ስትነሡ የሚይዝ እጅ ያስፈልጋችኋል።

ያ ሰው ሲጋራ ከተወ አሁን ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። አራራው አልፎ አልፎ ይመጣበታል፤ አልደበቀኝም። ለቅሶ ቤት ሲቀመጥ፣ መኪና ሲበላሽበት ይመጣል። እሱም ዳሽቦርዱ ላይ ያለችውን ድንጋይ ያያል፣ ቅርንፉድ ይነክሳል፣ ይቆማል። ያም ይሄዳል።

ከዚህ ስትወጡ ቤታችሁ ትገባላችሁ። ደጃፉ ላይ ማን እጁ ተይዞ እንደሚጠብቃችሁ እናንተ ታውቃላችሁ። ልጅ ናት፣ ሚስት ናት፣ እናት ናት፤ ሦስት እርምጃ ርቃ ቆማለች። ሃያ ደቂቃ መንገድ ቢቀራችሁ ነው። ውሃው እስኪጎድል ቁሙ፤ ከዚያ ተሻገሩና እጇን አስለቅቁ።